ቁልፉ ወንዝ ወርዷል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሶዶ ውስጥ ወጣት ሰብስቦ ወደ ተራራ ወይም ወደ ወንዝ የሚሄድ ሁሉ፣ ከአጥቢያም ይሁን ከትምህርት ቤት፣ መጥቶ በሬን ያንኳኳል። «ሲስተር ዘነበች፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሻንጣ ልንገዛ ነው፤ ምን ምን ይግባበት?» ይሉኛል። ለመጻፍ ስልካቸውን ያወጣሉ። እኔ ደግሞ መልሼ፣ «የት ነው የምትሄዱት? በማን ደጅ ነው የምታልፉት?» እላቸዋለሁ። ያኔ እርስ በርስ ይተያያሉ። አሮጊቷ ወሬ አማራት ብለው የሚያስቡም አሉ፤ ፊታቸው ላይ አነበዋለሁ።

ያስቡ። እኔ ሥራውን የተማርኩት እንዲያ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት መንገዱን በመጠየቅ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቢጠና ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ከሪፖርት በቀር ምንም የማይታየው ሰው ነው። በሽተኛ ዳነም አልዳነም ሠንጠረዡ መሞላት አለበት። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ከላይ የሚመጣበት ጭቅጭቅ ነው እንዲያ ያደረገው። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ሌላ የምለው የለኝም። እዚያ ቁስል ማጠብ፣ ማዋለድ፣ የወባን ትኩሳት ከሌላው መለየት ተማርኩ። ስለ ጉዞ ሻንጣ ግን ጭራሽ አስቤም አላውቅም።

ወደ ቦዲቲ ስዛወር ነው ጋሼ ሎሃን ያገኘሁት። ጋሼ ሎሃ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበሩ። ዛሬ ድሬሰር የሚባል ሙያ የለም፤ ያኔም እያለቀ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው እንጂ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። የአጥቢያቸው ወጣቶች ለጸሎት ደሞታ ተራራ ሲወጡ ወይም አጆራ ፏፏቴን ለማየት ሲሄዱ እሳቸው አብረው ይሄዳሉ። ክፍያ የለውም። አንድ ቀን ቁስል ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆመው ከላይ እስከታች አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ እግር አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ነይ። ነርስ ሞልቷል፤ እግር ያለው ነው ያጣሁት።»

በዚሁ ገባሁበት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ዕቃ ዘርግተው ጠበቁኝ። እኔም አዋቂ ነኝና የራሴን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ አልኮል፣ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ የቁስል ቅባት፣ ጥጥ፣ አሞክሳሲሊን፣ መርፌ ሳይቀር። አንድ በአንድ እያነሱ ወደ እኔ ይገፉት ጀመር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አልኮል።»

«ጠርሙስ ነው። ልጆቹ ሲወድቁ ይሰበርና የጠርሙስ ቁስል ስታክሚ ትውያለሽ። ይሄስ?»

«ጥጥ ነዋ፣ ጋሼ!»

«ቁስል ላይ ጢም ያበቅላል። ለጆሮሽ አድርጊው።»

ጂቪውን ሲያዩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ቀለም ነው። እናቶች ይወዱታል» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። አሞክሳሲሊኑን መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። መንገድ ላይ ኪኒን ማዘዝ የጀመረ ሰው ማቆሚያ የለውም አሉ። ተናድጄ ነበር። ኮሌጅ ያስተማረኝን ሁሉ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ሻሩብኝ ብዬ አኩርፌም ነበር።

የሳቸው የቁስል መድኃኒት ሳሙናና ውሃ ነበር። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በባዶ ሃይላንድ ይሞሉና ክዳኑን በጋለ መርፌ ይበሱታል። ፕላስቲኩን ሲጨምቁት ውሃው በቀጭኑ እየተወረወረ አሸዋውንም አፈሩንም ከቁስሉ ጠራርጎ ያወጣዋል። ለእሾህ ወረንጦ አላቸው፤ ጫፉ እንዳይደንዝ በጎማ ቁራጭ ይሸፍኑታል። ጎዙን በመዳፍ ልክ እያጠፉ አንድ አንዱን በላስቲክ ያሽጉታል። ፋሻውን በረጅሙ ይተዉታል፤ አጭር ፋሻ የልጅ ጣት እንጂ የጎረምሳ ጭን አይዞርም። መቀሳቸው በገመድ ከከረጢቱ ጋር የታሰረ ነው፤ መቀስ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ዕቃ ነውና።

ዕቃው ከገባ በኋላ ደግሞ ፈተና አለ። ዓይኔን አስጨፍነው፣ አንድ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ፋሻ እንዳወጣ ያዙኛል። ካልተሳካልኝ ሁሉንም ያወጡና እንደገና ያስጨምሩኛል። «አንድ እጅሽ ደም ይዟል። ዓይንሽ ልጁ ላይ ነው። ከረጢቱን ማየት አትችዪም» ይላሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ከሳቸው አፍ በሰማሁት ቁጥር ብር ቢሰጠኝ ዛሬ ባለፎቅ ነበርኩ።

ለደሞታና ለቆላ አንድ ዓይነት ከረጢት አይሞሉም። ለደሞታ ዋናው ስኳርና ከረሜላ ነው። ወጣቶቹ ጾም ጸሎት ይዘው ይወጣሉ፤ ቀትር ላይ ከመዘምራኑ አንዷ ዘፍ ትላለች። እሷ ስትወድቅ ሁለት ሦስቱ ይከተሏታል። እኔ የደም ግፊት ልለካ ስሯሯጥ፣ ጋሼ ሎሃ የመጀመሪያዋን እግሯን ከፍ አድርገው ስኳር ውሃ ያጠጧታል። ለቀሩት፣ «ተነሱ፤ ስኳሩ አልቋል» ይሏቸዋል። ይነሳሉ።

ለቆላ ግን ውሃና ኦአርኤስ ነው። ኦአርኤስ ለማታውቁት፣ በውሃ ተበጥብጦ ለተቅማጥና ለትውከት የሚጠጣ ዱቄት ነው። በትንሽ ፓኬት የታሸገ፣ ርካሽ፣ ቀላል። ብዙ ሰው ይንቀዋል።

ሌላው ልማዳቸው መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ሻንጣ አይዙም፤ ተራ የገበያ ከረጢት ነው። የሕክምና መስቀል የተሳለበት ነገር ማየት አይፈልጉም። «መስቀሉን ያየ ሁሉ በሽታው ይነሳበታል» ይላሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወደ ገጠር ስትወርዱ ግን ታዩታላችሁ። ሐኪም መጣ ከተባለ አገሩ ይወጣል። ጆሮው የሚመግለው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ልጇ ያስመለሳት። ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ግቡ ብለው፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅለው፣ በበርበሬ የተፈጨውን ዳጣ አቅርበው፣ አብልተው ነው የሚጠይቁት። የሰው ቦዬ በዳጣ በልተሽ ስታበቂ «መድኃኒቱ ላንተ አይደለም» ልትዪ? አይባልም፣ ነውር ነው! እንዲህ በየደጁ ስትሰጪ ስትሰጪ፣ የራስሽ ልጅ ሲጎዳ እጅሽ ላይ ባዶ ከረጢት ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ከረጢታቸውን ለሁለት ከፍለው ሰፍተውት ነበር። አንደኛው ኪስ የልጆቹ ነው፤ ልጆቹ በሰላም መኪና መንገድ እስኪወጡ ለሌላ አይነካም። ሁለተኛው የመንገዱ ነው። ሳሙና፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ ከሁሉ በላይ ኦአርኤስ፤ የጠየቀ ሁሉ ከዚያ ይሰጠዋል። ሲመለሱ ከልጆቹ ኪስ የተረፈውም በመጨረሻው ቀዬ ይታደላል። «ሁለት ኪስ ካለሽ ከሰውም ከልጆቹም አትጣዪም» አሉኝ። ስለ ሻንጣ የማውቀው ይኸው ነው። ሌላው ከሱቅ ይገዛል።

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ ተዛወርኩ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው። ጎበዞችም ነበሩ፣ ፊርማ ብቻ የሚያውቁም ነበሩ። ጋሼ ሎሃ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተሰበሰበውን ሰው አይቼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በስንት መንገድ ላይ ያገኛቸው ነው ብዬ ተደነቅኩ። እኔም ሶዶ በአንድ የወጣቶች ኅብረት ጉዞ ላይ የሳቸውን ሥራ ያዝኩ።

የኅብረቱ ሰብሳቢ ወንድም ኤርሚያስ ይባላል። በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሐቀኛ፣ ሳንቲም የማያጎድል፣ ለልጆቹ የሚሞት ሰው ነው፤ አስቀድሜ ልናገርለት። ወጣቶቹ አዋጥተው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ነጭ መስቀል የታተመበት አዲስ ሻንጣ ገዙ። ሁሉም ተደሰተ። በመጀመሪያው ጉዞ ባዶውን ተመለሰ። በሁለተኛውም ባዶውን ተመለሰ። ኤርሚያስ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ሲስተር፣ ለማን ተሰጠ?»

«ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«ደጁ ላይ ላለው ነዋ።»

«እኮ፣ ወጣቶቹ ያዋጡት ለወጣቶቹ ነው። አንዱ ልጅ እዚያ ቢጎዳብኝ ለቤተሰቡ ምን እላለሁ?»

ልክ ነበር። ስለ ሁለቱ ኪስ ነገርኩት። ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ አለ፤ አቀረበውም። ኮሚቴው በጀት የለንም አለ። ሻንጣው ለአባላት ብቻ እንዲሆን፣ ዚፑ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር እንዲገባ፣ ቁልፉ ሰብሳቢው ዘንድ እንዲሆን ተወሰነ። የመንገዱን ኪስ ነገር «ለወደፊቱ እናየዋለን» አሉኝ። ለወደፊቱ የሚባለውን ቀን እኔ በሥራ ዘመኔ ሲመጣ አላየሁትም። ተቃወምኩ፣ ተሸነፍኩ፣ ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ በጥር፣ ተማሪዎቹ እረፍት ላይ ሲሆኑ ብላቴ ወንዝ ሊወርዱ ተነሱ። አይሱዙ ተከራይተን በቦዲቲና በቢጠና አድርገን ዲምቱን አለፍን። መኪናው መሄድ የሚችለው እዚያ ድረስ ስለሆነ መንገድ ዳር ትተነው በእግር ወረድን። ሙቀቱ ሌላ ነው። ኤርሚያስ ፈጣኖቹን ይዞ፣ ምግቡንና ድስቱን አሸክሞ ቀድሞ ወረደ፤ ቦታ መርጦ ምሳ ሊያስጀምር ነው። እኔ ከኋላ ከዝግተኞቹ ጋር ቀረሁ። ሻንጣውን የተሸከመው ናትናኤል ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሳቂታ፣ ሻንጣው አዲስ ስለሆነ ለማንም አልሰጥም ያለ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ ጳውሎስ የሚባል ወጣት ገበሬ ነው። ሚስቱ አስቴር ነጩን መስቀል ከሩቅ አይታ መንገድ ላይ ወጥታ ጠበቀችን። አስገቡን፣ አስቀመጡን፣ የተቀቀለ ቦዬ አቀረቡልን። ልጆቹ ርቧቸው ነበርና ጥርግ አድርገው በሉ። ከዚያ አስቴር ሕፃኗን አመጣች።

ገና አንድ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ተቅማጡ ከጀመራት ሰንብቷል። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ እርግብግቢቷም እንዲሁ። የሆዷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ጡት ስትሰጣት ግን ትስባለች፣ ውሃም በማንኪያ ሲሰጧት ትውጣለች። ይህ ማለት ጊዜ አለ ማለት ነው። የምትውጥ ልጅ በዱቄቱ ትድናለች፤ በሥራ ዘመኔ ስንቷን አይቻለሁ። ጤና ኬላው ዘንድ ሄደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሠራተኛዋ ለስብሰባ ወጥታ ተዘግቶ አገኙት። ስኳርና ጨው በጥብጬ ልስጣት ብዬ ስኳር ጠየቅኩ፤ ጨው እንጂ ስኳር በቤቱ የለም። የኛ ስኳር ከምግቡ ጋር ወርዷል።

«ዱቄቱ የላችሁም?» አለች አስቴር።

«አለን። ቁልፉ ወንዝ ወርዷል።»

ጳውሎስ ጎንበስ ብሎ ጓጉንቸሩን አየው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት። «ይህቺ ናት?» አለኝ በወላይትኛ፤ ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ናትናኤል፣ «ሲስተር፣ ዚፑን በቢላ ላድርገው እንዴ?» አለኝ። ከልጆቹ አንዷ፣ «ወንድም ኤርሚያስ ይገድልሃል፣ አዲስ ሻንጣ!» አለችው። እኔ ቁልቁል አየሁ። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ታች ይታያል። ጳውሎስ ራሱ ገላገለን። «አብሬያችሁ ልውረድና ይዤው ልመለስ» አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ለአስቴር ጡቱን እንዳታቋርጥ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በማንኪያ እንድትሰጣት ነግሬ ወረድን። ጳውሎስ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እኛ እሱ ላይ ለመድረስ እንሮጣለን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ቀድመው የወረዱት እሳት ሊያነዱ ነው፤ እንጨት ይፈልጣሉ። ኤርሚያስ ልጆቹ ወደ ጥልቁ እንዳይገቡ ራሱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። እጄን አውለበለብኩለት፤ መጣሁ አለኝ። ናትናኤል ሻንጣውን አሸዋው ላይ አስቀመጠና «አንተማ ሴት ነህ፣ አምጣ» ብሎ ከጓደኛው ገጀራ ተቀበለ። በሁለተኛው ምት ገጀራው እንጨቱን ስቶ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እግሩ ላይ አረፈ።

ደሙ ፊን አለ። ደርሼ ነጠላዬን ቁስሉ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ተጫንኩት። «ሻንጣውን!» ብዬ ጮህኩ። ኤርሚያስ ከውሃው እየሮጠ ወጣ፤ ቁልፉ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሱሪው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፣ ዛፉ ወዲያ ማዶ ነው። ማንም አልጠበቀውም። አንዱ ልጅ ያንኑ ገጀራ አነሳና ሻንጣውን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ውስጡ ያለው ሁሉ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ጎዝ በጎዝ ላይ፣ ፋሻው ጥብቅ ተደርጎ፣ እግሩ ከፍ ብሎ። የልጁን ፊት እያየሁ ጣቶቼ ፋሻውን ፈልገው ያወጡታል። ደሙ ረጋ። ጅማቱ ግን እንደተነካ የእግርህን አውራ ጣት አንሳ ስለው ባለመቻሉ አወቅኩ። ቀና ስል ጳውሎስ ሁለት አጣና አምጥቶ፣ የልጆቹን ጋቢ አስሮበት ቃሬዛ ሠርቶ ጨርሷል። ማንም አላዘዘውም። በኛ አገር የተጎዳ ሰው መሸከም ታዝዞ የሚደረግ ነገር አይደለም። እሱ ከፊት በቀኝ ትከሻው ገባ። ከማሳ የተጠሩ ሰዎች መጡ፣ እየተፈራረቁ ሽቅብ ወጣን። ሌሎቹ ሲለዋወጡ እሱ አልተለወጠም። እኔ እጄን ፋሻው ላይ አድርጌ ከጎን እሄዳለሁ። የተቀደደው ሻንጣ ናትናኤል እግር ሥር ቃሬዛው ላይ ነበር።

መኪናው ዘንድ ደረስን። ናትናኤልን ጫንን። የጳውሎስን እጅ ይዤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አልኩት። «ይማርላችሁ» አለኝ። ትንሽ ቆመ። ያረፈ መሰለኝ። መኪናው ተነሳ።

ጤና ጣቢያ ደህና አድርገው ተቀበሉን። ጉሉኮስ ሰቀሉለት፣ ቁስሉን አጥበው ሰፉ፣ ለጅማቱ ወደ ሶዶ እንደሚላክ ነገሩን። ይተርፋል። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ አሸዋውን ላራግፍ ብዬ ሻንጣውን ገለበጥኩት። የኦአርኤስ ፓኬቶቹ ጭኔ ላይ ወደቁ። አንድም አልጎደለም።

ኤርሚያስ አጠገቤ ነበር። «ምን ሆኑ? ምን ሆኑ፣ ሲስተር?» አለኝ።

«የሰውየው ልጅ» አልኩት።

ጳውሎስ ለምን አብሮን እንደወረደ ኤርሚያስ አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ጓጉንቸሯን፣ ስኳሩን፣ ሕፃኗን፣ ሁሉንም። ጨርሼም ሳልጨርስ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሹፌሩ በመሸ ወደዚያ አልመለስም፣ መንገዱም አይታየኝም አለ። ለመነው፣ ከዚያ ተጣላው። የጳውሎስን ስልክ ቁጥር የያዘ ሰው የለም፤ የቀበሌውን ስም እንኳ በቅጡ የጠየቀ አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ገና ሳይነጋጋ ተነሳን።

መኪናውን መንገድ ዳር ትተን ቁልቁል ወረድን። ከሩቅ የጳውሎስ ደጅ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። በማለዳ ለሥራ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ይሆናሉ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስንቀርብ መሣሪያ አልያዙም። ከቤት ውስጥ የአስቴር ድምፅ ይሰማል፤ ለቅሶ አድክሞታል፣ ግን አላቋረጠም።

ጳውሎስ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደኛ መጣ። ትከሻው ላይ ሸሚዙ ተቀዷል። ሰላምታ ሰጠንና፣ «ልጃችሁ ተረፈ?» አለ።

«ተረፈ» አለው ኤርሚያስ።

«ተመስገን» አለ ጳውሎስ። ከልቡ ነበር። ወደ ሰዎቹ ዞሮም በወላይትኛ ልጁ መትረፉን ነገራቸው፤ እነሱም ተመስገን አሉ። እኔን እጄን ይዞ ሰዎቹ የተቀመጡበት ግንድ ላይ አስቀመጠኝ። ለቅሶ ደራሽ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ዝም ብዬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። አልቻልኩም። «ጳውሎስ፣ ዱቄቱ እኮ ሻንጣው ውስጥ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አሸዋው ላይ ሲፈስ የለቀምኩት እኔ ነኝ። አራግፌ መልሼ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

አዘንኩ፣ ደግሞ ተናደድኩ፤ በሱም ሳይቀር ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን አልወሰድክም? ባትወስድ እንኳ ለምን አልጠየቅከኝም? እዚያው አጠገብህ ነበርኩ!»

ነውር እንደተናገረ ሕፃን አየኝ። «እንዴት አድርጌ ልጠይቅዎ?» አለ። «ልጃችሁ እየደማ?»

ኤርሚያስ ፓኬቶቹን በሁለት እጁ እንደያዘ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ጳውሎስ አየውና ጎረቤቶቹን ጠጋ በሉለት አላቸው።